ለዋሱ ይደወላል

(ደብረ ሲና፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ያለች፣ ማመልከቻ የሚጻፍባት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ ውጭው ጉም ነው፤ ጡረታ የወጣችው ሃምሳ አለቃ ወይንሸት ከጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣለች፤ ከሕፃንነቱ ያሳደገችው የወንድሟ ልጅ ይገረም፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት፣ በሩ ላይ ቆሟል።)

ይገረም፦ አንድ ቃል ናት የምትይው፣ እታለም። ደውለው «የይገረም ዋስ እርስዎ ነዎት ወይ?» ይሉሻል። «አዎ» ትያቸዋለሽ። አለቀ፣ ይዘጉታል።

ወይንሸት፦ ፊርማውስ?

ይገረም፦ ስለ ፊርማው አይጠይቁም።

ወይንሸት፦ እነሱ ባይጠይቁ እኔ እጠይቃለሁ። መቼ ነው የፈረምኩት?

ይገረም፦ ትናንት።

ወይንሸት፦ ትናንት ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ሦስት የድንበር ክርክርና አንድ የፍቺ ማመልከቻ ጻፍኩ። የውትድርና ቅጽ ያየሁ አይመስለኝም።

ይገረም፦ እኔ ፈረምኩልሽ።

ወይንሸት፦ ፈረምክልኝ።

ይገረም፦ ያቺን መጨረሻ ላይ ወደ ላይ የምትስቢያትን ጭረት ሳያት ነው ያደግኩት። አንቺ ራስሽ ብታዪው የኔ አይደለም አትዪም።

ወይንሸት፦ እጅህ ይባረክ ልበልህ? ግባና በሩን ዝጋው። እዚያ አጥሩ ጋ የቆመው ፖሊስ ጆሮው ረጅም ነው። ፊርማ አስመስሎ የተያዘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ እኔን አትንገረኝ፤ በየወሩ የይቅርታ ማመልከቻ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ።

ይገረም፦ ለዚህ ነው የመጣሁት። ሳላስጠነቅቅሽ ደውለውልሽ «ምንድነው የምታወሩት?» እንዳትያቸው ብዬ።

ወይንሸት፦ መቼ ነው የሚደውሉት?

ይገረም፦ በተራ ነው። አርባ አንድ ሰው ነን። በዝርዝሩ መሠረት ለእያንዳንዱ ሰው ዋስ ይደወላል፤ «አዎ» የተባለለት በስምንት ሰዓቱ አውቶብስ ይሄዳል። እኔ ሃያ ስድስተኛ ነኝ፤ ከምዝገባው አዳራሽ ስወጣ አሥራ አንደኛው ላይ ነበሩ። ለጓደኛዬ ለበላይ አባት ሲደውሉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሰውዬው እርሻ ላይ ነበሩና ንፋሱ አላሰማ ሲላቸው ጮኸው ጮኸው፣ «አዎ ነኝ፣ ውሰዱልኝ፣ ከመብላት በቀር የሚያውቀው የለም» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

ወይንሸት፦ በላይስ ሳቀ?

ይገረም፦ ሊስቅ ሞከረ።

ወይንሸት፦ ለምን ቀድመህ አልጠየቅከኝም?

ይገረም፦ ብጠይቅሽ ትፈርሚ ነበር?

ወይንሸት፦ አልፈርምም ነበር።

ይገረም፦ ታዲያ።

ወይንሸት፦ ዩኒቨርሲቲው ሐሙስ ሳምንት ግቡ ብሏል። ብርድ ልብስህን ገዝቼ፣ ሻንጣህን አሰናድቼ፣ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬ ነው ያለሁት።

ይገረም፦ ፕላንት ሳይንስ እኮ ነው፣ እታለም። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ድንች በሽታ ልማር ነው። እኔ መሆን የምፈልገው መኮንን ነው። ይሄን ስነግርሽ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ወይንሸት፦ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነህ የአይሱዙ ረዳት መሆንም ትፈልግ ነበር።

ይገረም፦ እሱ አለፈ። ይሄኛው አላለፈም።

ወይንሸት፦ እኔም ይለፍ አላልኩም። ተማር፣ ዲግሪህን ያዝና ለዕጩ መኮንንነት ተመዝገብ። ያኔ ይወስዱሃል።

ይገረም፦ ያኔ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ከዜሮ ልጀምር ነው። አሁን ከገባሁ ሁለት ዓመት ተራ ወታደር ሆኜ እሠራለሁ፣ ከዚያ ለመኮንንነት ኮርስ እወዳደራለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ዲግሪያቸውን ሲይዙ እኔ ትከሻዬ ላይ ኮከብ አለ። ደግሞ ከሥር የመጣን መኮንን ወታደሩ ይወደዋል።

ወይንሸት፦ ይሄን ማን አለህ?

ይገረም፦ ጠይቄ ነዋ።

ወይንሸት፦ ማንን?

ይገረም፦ መጀመሪያ ለእህቱ ሠርግ የመጣውን ሻምበል ጠየቅኩ፣ የሙሉሰውን ወንድም። ድንኳን ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። በትዕግሥት ነው የሰማኝ። የመማር ዕድል ካለህ ተማር፣ እኛ ጋ የተማረ ሰው ይፈለጋል፣ እኛ የትም አንሄድም አለኝ።

ወይንሸት፦ ደህና ሰው ነው።

ይገረም፦ ከዚያ ለዕረፍት የመጣውን ወታደሩን ደጀኔን ጠየቅኩት። ያጨስ የነበረውን ሲጋራ ሳይጨርስ አጥፍቶ ሌላ ለኮሰ።

ወይንሸት፦ እሱም መልስ ነው። ሦስተኛውስ?

ይገረም፦ ሦስተኛ እንዳለ በምን አወቅሽ?

ወይንሸት፦ የፈለግከውን እስካሁን ማንም አላለህማ።

ይገረም፦ ሰልፍ ላይ የተዋወቅነው ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ይበቃል፣ ጎበዝ ከሆንክ ራሳቸው ይልኩሃል አለኝ።

ወይንሸት፦ እሱስ ስንት ዓመት አገለገለ?

ይገረም፦ ትናንት ነው የተመዘገበው።

ወይንሸት፦ ሻምበሉን ትተህ እሱን አመንክ። ቆይ፣ ስልኬ ነው።

ይገረም፦ እነሱ ናቸው? አዎ በይ፣ እታለም። በናትሽ አዎ ብቻ በይ።

ወይንሸት፦ ሃሎ። … አቤት ጋሽ ማንደፍሮ። … አይ፣ ቀጠሮዎ ዓርብ ነው፣ ዛሬ ቢመጡ ዳኛው የሉም። … በሬውንማ ይዘውት አይምጡ፤ ምስክር ነው የተባሉት፣ ምስክሩ ደግሞ ሰው ነው። … እሺ፣ ደህና ይዋሉ። … ምነው? ፊትህ አመድ መሰለ።

ይገረም፦ እነሱ መስለውኝ ነው።

ወይንሸት፦ እነሱ ቢሆኑስ? የምትፈልገው መጣልህ ማለት አልነበረም?

ይገረም፦ አንቺም ስልኩን ገልብጠሽ ነበር ያነሳሽው።

ወይንሸት፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ይፈቀድልኛል። ኮፒህን አምጣ።

ይገረም፦ የምን ኮፒ?

ወይንሸት፦ ቅጹ በሁለት ነው የሚሞላው፤ አንዱ ለተመዝጋቢው ይሰጣል። እኔን ስለ ቅጽ አታስተምረኝም።

ይገረም፦ ቤት ነው ያለው።

ወይንሸት፦ ደረት ኪስህ ውስጥ ነው ያለው። ከገባህ ጀምሮ አራት ጊዜ ዳብሰኸዋል። ዋስ የሆንኩበትን ወረቀት ላንብበው እንጂ።

ይገረም፦ ምንም የለውም። ያው ቅጽ ነው።

ወይንሸት፦ ስም፣ ይገረም። የአባት ስም፣ ነፍሱን ይማረው፣ ልክ ነው። የትውልድ ዘመን፣ ልክ ነው። ቁመት፤ ለካ ይሄን ያህል ረዝመሃል። የትምህርት ደረጃ። … ይገረም፣ እዚህ ጋ ያለውን አንብብልኝ። መነጽሬ ይሁን ዓይኔ እንጃ።

ይገረም፦ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀ።

ወይንሸት፦ ማነው አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀው?

ይገረም፦ ማስታወቂያው ታች ላይ ለከፍተኛ ትምህርት የተመደቡ አይመዘገቡም ይላል። አሥራ ሁለተኛዬን ባሳያቸው ሂድ ተማር ብለው ነው የሚመልሱኝ። ስለዚህ የአሥረኛ ክፍል ካርዴን ሰጠኋቸው። ውሸት እኮ አይደለም፣ አሥረኛን ጨርሻለሁ። አንዴ ከገባሁ በኋላ የአሥራ ሁለተኛውን አወጣዋለሁ።

ወይንሸት፦ ከገባህ በኋላ ታወጣዋለህ።

ይገረም፦ አዎ።

ወይንሸት፦ ቁጭ በል።

ይገረም፦ መቆም ይሻለኛል፣ ልመለስ ነው፣ ተራዬ ሳልኖር …

ወይንሸት፦ የሚደወለው እዚህ ነው። ቁጭ በል። እኔ ሠራዊት ውስጥ ሥራዬ ምን ነበር?

ይገረም፦ ሰው ኃይል።

ወይንሸት፦ ሰው ኃይል ምን ይሠራል?

ይገረም፦ እንጃ። ይጽፋል።

ወይንሸት፦ ማህደር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ማህደር ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ። አንድ ሰው ሲገባ ማህደሩ ውስጥ መጀመሪያ የሚቀመጠው ይሄ የያዝከው ቅጽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ዕድገት በለው፣ ኮርስ በለው፣ ከዚህ ጋር እየተመሳከረ ነው የሚያልፈው። ውጭ የቆመው ሰው ምንም ይሁን ምን፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ ሰውዬው ይሄ ወረቀት ነው።

ይገረም፦ የማይስተካከል ነገር የለም።

ወይንሸት፦ አምሳሉ የሚባል ወታደር ነበር። እንዳንተ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ፣ ውጤቱም ጥሩ የነበረ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሊመዘገብ ሄዶ፣ እነሱ ስምንተኛ ናቸውና ከነሱ እንዳይለዩት እሱም የስምንተኛ ክፍል ካርዱን ሰጠ። በኋላ አወጣዋለሁ ብሎ። በሁለተኛው ዓመት የዕጩ መኮንን ማስታወቂያ ወጣ፤ አሥራ ሁለተኛን ያጠናቀቀ ይላል። አምሳሉ እውነተኛውን ማስረጃ አያይዞ አመለከተ። ማመልከቻው እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ።

ይገረም፦ እና?

ወይንሸት፦ ማህደሩን አወጣሁ፤ ስምንተኛ ይላል። «የቀረበው ማስረጃ ከግል ማህደሩ ጋር ስለማይገናኝ ተቀባይነት የለውም» ብዬ መለስኩለት። በዓመቱ እንደገና ጻፈ፤ እንደገና መለስኩ። ሦስተኛ ዓመትም እንደዚሁ። የእጅ ጽሑፉን ገና ፖስታው ላይ ሳየው እለየው ጀመር። በአራተኛው ዓመት ራሱ መጣ። ከግንባር ፈቃድ አግኝቶ ሁለት ቀን ተጉዞ፣ ቤተሰቡ ጋ እንደመሄድ እኔ መስኮት ላይ ቆመ። ወረቀቱን አውጥቶ፣ እህቴ፣ ይቺን አንዲት ወረቀት ማህደሬ ውስጥ ክተቺልኝ አለኝ።

ይገረም፦ ከተትሽለት?

ወይንሸት፦ ምሳ ሰዓት ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ የካዝናው ቁልፍ እጄ ላይ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። አልከተትኩም። መመሪያው እንደዚህ ነው አልኩት። እሱ ደግሞ አልተቆጣም፤ ምንም አይደል፣ ጽሑፍሽ ያምራል አለኝና ሄደ። ከዚያም በየዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ ሲልክ ኖረ። አሥረኛው ማመልከቻ ግን ሳይመጣ ቀረ። ደስ አለኝ፤ ትዳር ይዞ ትቶታል ብዬ። በሦስተኛው ሳምንት ማህደሩ ራሱ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሊዘጋ ነው የመጣው።

ይገረም፦ ሞቶ?

ወይንሸት፦ ማህደር በሌላም ምክንያት ይዘጋል። ያን ቀን ግን በሌላ አልነበረም።

ይገረም፦ ይወድሽ ነበር?

ወይንሸት፦ ማመልከቻ ነው የጻፈልኝ። ሌላ ነገር አልጻፈልኝም።

ይገረም፦ አንቺስ?

ወይንሸት፦ እኔም «ተቀባይነት የለውም» ነው የጻፍኩለት። ዘጠኝ ጊዜ።

ይገረም፦ መኮንን ቢሆን ኖሮ አይሞትም ነበር?

ወይንሸት፦ መኮንንም ይሞታል፣ አልዋሽህም። እሱ ግን የሚገባውን ሲለምን ኖሮ ነው የሞተው። አንተ ደግሞ እሱ በስምንተኛ ያደረገውን በአሥረኛ አድርገኸዋል። ለመኮንንነት ቸኩለህ የመኮንንነቱን መንገድ በገዛ እጅህ ዘጋህ፣ ከሥሩ ደግሞ የኔን ስም ፈረምክበት።

ይገረም፦ አላወቅኩም ነበር።

ወይንሸት፦ ሻምበል ጠየቅክ፣ ደጀኔን ጠየቅክ፣ ሰልፍ ላይ ያገኘኸውን ሰው ጠየቅክ። ቤትህ ውስጥ አንዲት ሃምሳ አለቃ ነበረች።

ይገረም፦ አንቺን ፈራሁ።

ወይንሸት፦ እኔን ነው?

ይገረም፦ እምቢታሽን አይደለም። ለምን ትቸኩላለህ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ወይንሸት፦ ለምን ትቸኩላለህ?

ይገረም፦ ተራዬ ሊደርስ ነው።

ወይንሸት፦ ሃያ ስድስተኛ ላይ እስኪደርሱ ጊዜ አለን። ንገረኝ።

ይገረም፦ የወፍጮ ቤቱን ዮናታንን ታውቂው የለ፣ አምና ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰውን።

ወይንሸት፦ ታሞ ነው የቀረ አሉ።

ይገረም፦ አልታመመም። ግቢው ተረብሾ ነው። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆም አብሬው እቀመጣለሁ፤ አንድ ቀን ነገረኝ። ስምንት ሆነው አንድ ዶርም ውስጥ፣ አልጋ በሩ ላይ አስደግፈው ሁለት ቀን ተቀመጡ። ሽንታቸውን በሃይላንድ ጠርሙስ። ኮሪደሩ ላይ የሚመጣውን እግር እየቆጠሩ። ጩኸቱ አይደለም የሚያስፈራው አለኝ፤ ጩኸቱ ድንገት ጸጥ ሲል ነው፣ ምክንያቱም ያኔ አጥቂዎቹ እያነበቡ ነው። የዶርም ድልድሉ እያንዳንዱ በር ላይ ተለጥፏል፣ የሁሉም ስም ከነአባቱ ከነአያቱ። በር በር ላይ ቆመው ከስሙ ማን የየት እንደሆነ ይለያሉ። ስም ማንበብ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ዝም ይላሉ።

ወይንሸት፦ እነሱ ጋ ምን ሆነ?

ይገረም፦ አነበቡና አለፏቸው። ለምን እንዳለፏቸው እስከ ዛሬ አያውቅም። የቀጣዩን በር ነው የሰበሩት። እሱም ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሰማ። ምን ሰማህ ስለው ተነስቶ ወፍጮውን ይጠርግ ጀመር፤ ንጹሕ ነበር፣ የሚጠረግ አልነበረውም። አሁንም ጫማውን አድርጎ ነው የሚተኛው።

ወይንሸት፦ ይሄን ለማን ነገርክ?

ይገረም፦ ለማንም። የኔም ምደባ ከዚያ አይርቅም፣ እታለም። ባዶ እጄን፣ ስሜ በር ላይ ተለጥፎ። ብርድ ልብሱን ስታሳዪኝ ደስ ያለኝ መስዬ ወጣሁ። እዚህኛው ጋ ቢያንስ ጠመንጃ ይሰጡኛል።

ወይንሸት፦ ስለዚህ ፈርተህ ነው ወታደር የምትሆነው።

ይገረም፦ ሳቂብኝ።

ወይንሸት፦ ምን ያስቀኛል። እኔም የገባሁት ፈርቼ ነው። ልጆቹ እኔን ለሚያክሉ ለአንድ ነጋዴ ሊድሩኝ፣ ሰኞ ሽማግሌ ይመጣል ሲሉ ቅዳሜ ተመዝግቤ ጠፋሁ። ጠመንጃ ከሰጡኝ ማንም አይነካኝም አልኩ። ከዚያ የመጀመሪያው ተኩስ ሲመጣ ጠመንጃዬን አቅፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጠመንጃ ፍርሃት አይወስድም፣ ይገረም። የምትፈራውን ነገር ብዛት ነው የሚጨምረው፤ ልትሞት ትችላለህ፣ ልትገድልም ትችላለህ።

ይገረም፦ ታዲያ የቱ ነው የማልሞትበት? ንገሪኝና እሱን ልያዝ።

ወይንሸት፦ አላውቅም።

ይገረም፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማህደር ዘግተሽ አታውቂም?

ወይንሸት፦ የማውቀው የተዘጋውን ነው።

ይገረም፦ እንደዚህ አትበይኝ። ሌላ ቀን ሁሉን ታውቂ የለም?

ወይንሸት፦ ዛሬ አላውቅም። ሻንጣህን ሳሰናዳ የዮናታንን አልሰማሁም ነበር፣ አሁን ሰማሁ። ሁለቱንም እፈራለሁ። አንተ ከመግባትህ በፊት አንድ ፍርሃት ነበረኝ፣ ስትወጣ ሁለት ይዤ ነው የምቀረው።

ይገረም፦ እንግዲህ ሁለቱም አንድ ከሆኑ …

ወይንሸት፦ አንድ አይደሉም። ዮናታን ተመለሰ። ጫማውን አድርጎ ይተኛል፣ ግን እናቱ ቤት ነው የሚተኛው። የፈራ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፣ ያሳዝናል፣ ሰው ታሟል ይላል፣ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈለግለታል። የፈራ ወታደር ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ እኛ ማህደሩ ላይ የምንጽፈው ቃል አንድ ነው፤ «ከዳ» ነው። ስንት ልጅ ላይ እንደጻፍኩት አትጠይቀኝ። እናቶቻቸው ቢሮ ድረስ ይመጡ ነበር፣ ልጄ ፈሪ ነው እንጂ ከሃዲ አይደለም እያሉ። ለፈሪ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ይገረም፦ እኔ ፈሪ ከሆንኩ ታዲያ ምን መኮንን እሆናለሁ?

ወይንሸት፦ በአራት ዓመት ውስጥ የሚታይ ነው። ምናልባት ትሆናለህ። ምናልባት የድንች በሽታው ይሻለኛል ትላለህ። ዛሬ ማወቅ የለብህም።

ይገረም፦ መልእክት መጣልኝ። በላይ ነው።

ወይንሸት፦ ምን ይላል?

ይገረም፦ ሃያ አራተኛው ላይ ደርሰዋል። የት ነህ፣ አጠገቤ ወንበር ይዤልሃለሁ ይላል።

ወይንሸት፦ መልስለት እንግዲህ።

ይገረም፦ ሮጬ ሄጄ ስሜን ሰርዙልኝ ብልስ?

ወይንሸት፦ ትችላለህ።

ይገረም፦ ለምን ይሉኛል። ካርዱን ደብቄ ነበር ልበል? ፊርማውን እኔ ነኝ የፈረምኩት ልበል? አርባ ሰው ፊት። ትናንት ሰልፍ ላይ ማን ሲፎክር ነበር መሰለሽ? እኔ ነበርኩ። መኮንን እሆናለሁ፣ እናንተን ሁሉ አዝዛችኋለሁ ስል ነበር። በላይ የተመዘገበው እኔን ሰምቶ ነው።

ወይንሸት፦ በላይን አንተ ነህ ያስመዘገብከው?

ይገረም፦ እኔ ነኝ። አባቱ ከመብላት በቀር አያውቅም ያሉት ልጅ፣ ከኔ ጋር ከሆንክ አትፈራም ብዬው ነው የመጣው።

ወይንሸት፦ ውይ ልጄ።

ይገረም፦ አይደለሁም ካልሽ እኔን ፖሊስ ይይዘኛል። አዎ ካልሽ ደግሞ … እታለም፣ ቅድም ስመጣ አዎ እንድትዪ ነበር የምፈልገው። አሁን የምፈልገው ምን እንደሆነ አላውቅም። በላይን ምን ብዬ ነው የማየው?

ወይንሸት፦ ና። ወንበርህን ወደዚህ ሳብና አጠገቤ ተቀመጥ። እንደዛ። አብሬህ አለሁ።

ይገረም፦ ስልክሽ።

ወይንሸት፦ ሰምቻለሁ።

ይገረም፦ ጋሽ ማንደፍሮ ናቸው?

ወይንሸት፦ አይደሉም። ቁጥሩን አላውቀውም።

ይገረም፦ ምን ልትያቸው ነው?

ወይንሸት፦ አንተ ምን ልበል ትላለህ?

ይገረም፦ ሊቆም ነው እኮ።

ወይንሸት፦ ምን ልበል፣ ይገረም?

ይገረም፦ አላውቅም። ፈራሁ፣ እታለም። በጣም ፈራሁ።

ወይንሸት፦ ሃሎ። … አዎ፣ ወይንሸት ነኝ። … አዎ፣ የይገረም ዋስ እኔ ነኝ፣ የፈረምኩትም ራሴ ነኝ። … ቆይ ወንድሜ፣ አይዝጉት፣ አልጨረስኩም። የትምህርት ደረጃው ላይ አሥረኛ የሚለውን ሳላነብ ነው የፈረምኩት፤ ልጁ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ተመድቧል። … አውቃለሁ፣ አይቻልም። ስሙን ይሰርዙት። … አጠገቤ ነው ያለው፣ ግን እሱን አላገናኝዎትም። ለምን ተሰረዘ የሚል ቦታ ካለ የኔን ስም ይጻፉበት፤ ነገ እያለቀሰም ቢመጣባችሁ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ዲግሪውን ይዞ ቢመጣባችሁም፣ ያሰረዘችህ አክስትህ ናት በሉት።